ኬላው የተከፈተ ሰሞን

ሐምዳ ልጄ ከማለዳ ጀምራ ከሳሎን ወደ በረንዳ፣ ከበረንዳ ወደ ሳሎን እየተመላለሰች በስልክ ትጨቃጨቃለች። አንዱ አውሮፕላን መብረር ጀምሯል ይላታል፤ ሌላው የጀመረው ለዱባይ ብቻ ነው ይላታል። በመኪና ከሆነ ድንበሩ ላይ በቶጎ ውጫሌ በኩል ኬላው ክፍት ነው፤ ግን ማስክ ግዴታ ነው፣ የኮሮና ምርመራ ወረቀት ግዴታ ነው፣ ወረቀቱም ቀኑ ካለፈ እንደሌለ ይቆጠራል። እኔን ድሬዳዋ ወስዳ ዓይኔን ልታሳክመኝ ካሰበች ቆይታለች፤ በሽታው መጣና እቅዷን ድብልቅልቁን አወጣው። አሁን እገዳው ላላ ሲባል በእኛ በሐርጌሳው 31 ሜይ ሰፈር ከሁሉ ቀድማ ሻንጣ ከቁም ሳጥን ላይ ያወረደች እሷ ሳትሆን አትቀርም። ያወረደችውን ሻንጣ ግን ውስጡንም ውጭውንም በበረኪና ወልውላ ፀሐይ ላይ አሰጣችው። «ባዶ ሻንጣ እኮ ነው፣ እኛው ቤት ከርሞ ማን ነክቶት ነው?» ብላት፣ «እማ፣ የዚህን ጥንቃቄ አንቺ አታውቂውም» አለችኝ። ከልጅ ጋር ሙግት አልወድም፤ ዝም አልኩ። የበረኪናው ሽታ ግን ዝም አላለኝም። ኑሪያ የምትባል፣ ወገቧ ቀጭን ምላሷ ረዥም የሆነች አንዲት የድሬዳዋ ልጅ ወደነበርኩበት ዘመን ይዞኝ ሄደ።

ያን ጊዜ ሐርጌሳ ጣሪያ አልነበራትም። ይህን ስናገር ልጆቼ የማጋንን ይመስላቸዋል። ግድግዳው ቆሟል፤ በርና መስኮት የነበረበት ቦታ ክፍት ነው፤ ቀና ስትል የምታየው ሰማይ ነው። ቆርቆሮውን ጦርነቱ ወስዶታል፣ ማገሩን የቸገረው ሰው አንድዶታል። ከስደት የተመለሰው ሕዝብ በየግድግዳው ውስጥ ሸራና ላስቲክ ወጥሮ ይተኛል፤ ዝናብ የመጣ ቀን ድስቱም ሳፋውም ወለሉ ላይ ይደረደራል። በየሜዳው ቀይ ቀለም የተቀቡ ድንጋዮች ነበሩ፤ ከድንጋዩ ወዲያ ፈንጂ አለ ማለት ነው፤ ፍየሎቹ እንኳ ያወቁት ይመስል ዞረው ይሄዱ ነበር። ይህ ሁሉ ሆኖ ከተማዋ ደስ ትል ነበር፤ እውነቴን ነው። ከፈጅር ሶላት ጀምሮ ከየአቅጣጫው መዶሻ ይሰማል። ከበርበራ ቆርቆሮ የጫነ መኪና ሲመጣ ሰው ሙሽራ እንደመጣ ሁሉ እየወጣ ያያል። «የእገሌ ቤት ጣሪያ ለበሰ» ማለት የዚያ ዘመን ትልቁ ወሬ ነበር። አሁን በዚያ መንገድ ሳልፍ ፎቁ ፎቁን እየገፋ ነው፤ መስታወቱ ፀሐይዋን መልሶ ዓይኔ ላይ ይተፋዋል፤ ለዓይኔ መታመም ግማሹ ጥፋት የእነሱ ይመስለኛል።

የምኖረው ከአጎቴ ከሙሜ ጋር ነበር። የአባቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ አባቴ ሲሞት የቀረሁት በእሱ እጅ ነው። ድሬዳዋ ሳለን ልብስ ሰፊ ነበር፤ ሐርጌሳም የመጣነው የእግር ስፌት መኪናችንን በጭነት መኪና ላይ አስረን ነው። ዋሄን ገበያ፣ ገንዘብ መንዛሪዎቹ ሽልንጉን እንደ ጡብ ከሚደረድሩበት መስመር ጀርባ፣ ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ ሳይነካካ የማይቀመጥባት ሱቅ ነበረችን። የሶማሌ ሴቶችን ሰፊ ስስ ቀሚስ፣ ዲራዕ እንሰፋለን። ያን ዘመን የነበረውን የዲራዕ ጨርቅ አሁን ባገኘው! ብጫው ላይ ወይን ጠጅ አበባ፣ ሐምራዊው ላይ የብር ክር፤ ከሥሩ ዳንቴሉ የሚታይ የሐር ጉርድ ይለበሳል። ጣሪያ የሌላት ሴት ራሷ ዲራዕ ታሰፋ ነበር፤ «ቤቴ ራቁቱን ነው፣ እኔ ልልበስ እንጂ» ትላለች። አንድ ጀሪካን ውሃ በአህያ ሲመጣ ዋጋው የግመል ወተት ካለበት ሻይ ይበልጥ ነበር፤ ስለዚህ ሻዩን ጠጥተን ውሃውን እንቆጥብ ነበር። ከጎናችን ካሴት የሚሸጥ ሰው ነበር፤ ጠዋት በኡድ ክራር የታጀበ የሶማልኛ ዘፈን፣ ከሰዓት የአማርኛ የፍቅር ዘፈን ይከፍታል። ክሩ ሲጠመጠም ዘፋኙ ያቃስታል፣ ሰውየውም አውጥቶ በእስክሪብቶ ያዞረዋል፤ እኔም ዘፈኑን ከነማቃሰቱ በቃሌ ይዤው ነበር።

ጀማልን ያወቅሁት በሱሪው ነው። እሱም የድሬ ልጅ ነው፤ ጣሪያ መቺ ነበር። በዚያ ዘመን ሐርጌሳ ውስጥ ከጣሪያ መቺ በላይ የሚፈለግ ሰው አልነበረም፤ ሀኪም ራሱ እንደዚያ አይፈለግም። በሳምንት አንዴ የሱሪው ጉልበት ተቀድዶ ይመጣል፤ እጥፈዋለሁ፤ በሳምንቱ ሌላኛው ጉልበት ተቀድዶ ይመጣል። አጎቴ ከመነጽሩ በላይ እያየው፣ «አንተ ልጅ፣ ቆርቆሮውን የምትመታው በመዶሻ ነው በጉልበትህ?» አለው አንድ ቀን። በኋላ እንደሰማሁት ሆን ብሎ የሱሪውን ጉልበት በድንጋይ እየፈተገ ነበር የሚቀድደው። ይህን ካወቅሁ በኋላ ምን እጠብቃለሁ? ወደድኩት። አጎቴን በደንቡ ጠየቀው፤ አጎቴም በደንቡ፣ «አባትህ ይስማ፤ ሂድና የአባትህን ቃል ይዘህ ና» አለው። ጀማል ለዚሁ ጉዳይ ድሬዳዋ ሄደ። «ሚስማርም ገዝቼ እመለሳለሁ» ብሎኝ ነበር፤ ሚስማር ከእኔ እኩል መጠራቱ ትንሽ ከንክኖኛል።

እሱ በሄደ ሰሞን ያ በሽታ ገባ። ሶማሌው ዳዑን ይለዋል፣ እኛ ኮሌራ እንለዋለን። ጠዋት ደህና የነበረ ሰው ማታ ጨርቅ ሆኖ ይገኛል። በወዲህም በወዲያም ያሉ ሽማግሌዎችና ባለሥልጣኖች መከሩና ቶጎ ውጫሌ ላይ ኬላው ተዘጋ። ሰው እንዳያልፍ ተባለ። ሰው ሲታገድ ግን ጫት አልታገደም! ወዲያ ማዶ ያለው መኪና ወዲህ ማዶ ላለው እየወረወረለት ጫቱ በሰዓቱ ይገባል፤ የእኔ ጀማል ግን ከአንድ እስር ጫት አንሶ ማዶ ቀረ። በከተማው ሁሉም ሰው ክሎሪን ክሎሪን ሸተተ። በየሱቁ ደጃፍ ባልዲ ቆመ። መጨባበጥ ቀረ፤ ሰላምታ እጅን ደረት ላይ አድርጎ ከሩቅ ሆነ። አሁን በኮሮና ሰው በክርን ሲሳለም አይቼ ሳቄ መጣ፤ እኛ ክርን እንኳ አልነበረንም።

ከከተማው ሁሉ ግን አጎቴን የሚያህል ጠንቃቃ አልነበረም። ደንበኛ የነካውን ጨርቅ በመቀስ ጫፍ ነው የሚያነሳው። ቁልፉን ይነክራል፣ ሜትሩን ይነክራል፤ ሜትሩ ተጨማትሮ አንድ ሰሞን የሰፋነው ዲራዕ ሁሉ አጠረ። ጫቱንም ባልዲ ውስጥ ደፍቆ ያወጣዋል። የበርጫ ጓደኞቹ አንድ ቅጠል ጎርሰው እየተፉ፣ «ሙሜ፣ በአላህ፣ ይሄ ጫት ነው የሆስፒታል ወለል?» ብለው ሌላ ቤት ሄዱ። እኔ ግን አልሳቅሁበትም። ድሬዳዋ ሳለን አባቴንና የእሱን ሚስት በአንድ ሰሞን ያጣቸው በዚሁ በሽታ ነበር። ሁለቱንም በገዛ እጁ አጥቦ ነው የቀበራቸው። ከዚያ ወዲህ እንኳን የሰው፣ የእኔንም እጅ ሲይዝ አላየሁትም። ሲስቅም ሰምቼው አላውቅም።

ኬላው እንደተዘጋ ወራት ሄዱ። በመሃል ሐጂ ኢስማኢል የሚባል ነጋዴ ለጋብቻ ጠየቀኝ። ሚስቱ የሞተችበት፣ ጢሙን ሂና የሚቀባ፣ የፊት ጥርሱ ወርቅ፣ ሁለት የጭነት መኪና ያለው ሰው ነው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ቤቱም ጣሪያ ነበረው። አጎቴ ራሱን ይዞ አሰበ። «ኑሪያ» አለኝ፣ «እኔ ዛሬ ብወድቅ አንቺን ማን ያነሳሻል? ጀማል ይኑር ይሙት አናውቅም። አባቱ እሺ ይበል እምቢ ይበል አናውቅም።» አለቀስኩ፤ ለመንኩት። በመጨረሻ ቀነ ገደብ ሰጠኝ፦ ኬላው ተከፍቶ እስከ ሁለተኛው ጁምዓ ድረስ ጀማል ካልመጣ ሐጂ ኢስማኢል ይሁንታውን ይሰማል። ቃሉንም በቁርአን ፊት ሰጠኝ። አጎቴ ቃል ከሰጠ አይመልስም፤ እኔንም ያስፈራኝ ይኸው ነው።

ከዚያ አንድ ቀን ወሬው በዋሄን መሃል ሮጠ፦ ኬላው ሊከፈት ነው! መንዛሪዎቹ ሳይቀሩ ጡባቸውን ትተው ተነሱ። ያን ቀን የነበረውን እፎይታ አሁን በሐምዳ ፊት ላይ አየሁት፤ ያው ነው፤ ሰው ከፍርሃት ሲወጣ ወዲያው ሻንጣ ያስባል። አንዷ ሐረር ያለች እህቷ ጋ ልትሄድ፣ አንዱ ጅጅጋ ያለውን ግመሉን ሊያይ፣ አንዱ ዝም ብሎ ለመሄድ ያህል ሊሄድ። ግን መከፈቱ እንደ ድሮው አልነበረም። ከማዶ የመጣ ሁሉ ድንበሩ ላይ በተተከለ ድንኳን ውስጥ ጥቂት ቀን ይቆያል፤ ጤናው ይታያል፤ ከዚያ ይለቀቃል። የመኪናው ጎማ እንኳ ይረጫል። የመጀመሪያው ሳምንት ሰው ሁሉ «አንተ ቅደም፣ አንተ ቅደም» ሲባባል አለፈ። የመጀመሪያው ጁምዓ መጣ፤ ጀማል አልመጣም። ሁለተኛው ጁምዓ ተቃረበ። ከማዶ የመጣ ሹፌር ሁሉ ሌላ ወሬ ይዞ ይመጣል፤ አንዱ ታሟል ይላል፣ አንዱ አባቱ ሌላ አጭቶለታል ይላል። ያን ጊዜ ታር ቤት ለመሄድ ቆረጥኩ።

ታር ማለት የሬዲዮ መገናኛ ነው። ስልክ ሳይገባ የሐርጌሳ ሰው ከጅጅጋም፣ ከድሬም፣ ከአዲስ አበባም የሚነጋገረው በእሱ ነበር። አንድ ክፍል፣ አንድ ጠረጴዛ፣ የመኪና ባትሪ፣ ጣሪያ ላይ ረዥም ሽቦ። የምትፈልገውን ሰው ስም በዋዜማው ታስነግራለህ፤ እዚያ ማዶ ያለው ታር ቤት አስጠርቶልህ በነጋታው ይቀርብልሃል። ተናግረህ ስትጨርስ «ኦቨር» ትላለህ፤ ከዚያ እሱ ይናገራል። ድምፁ የሚወጣው በትልቅ ስፒከር ስለሆነ ወረፋ ጠባቂው ሁሉ ይሰማል። ሰው የታመመበትንም፣ የተወለደለትንም፣ ፈትቼሻለሁ የተባለውንም በጉባኤ ነበር የምንሰማው። የታር ቤቱ ባለቤት ዩሱፍ የዚሁ አገር ሰው ነው፤ ሐረር ተምሮ ስላደገ አማርኛው ከእኔ ይጠራል። እኔም የተማመንኩት በአማርኛው ነው። ሌላው ሰው ሶማሌ ነው፤ በአማርኛ ከተናገርኩ ከዩሱፍ በቀር ማን ይሰማኛል? ዩሱፍ ደግሞ የስንቱን ጉድ የዋጠ ሰው ነው። የጀማልን ስም በዋዜማው አስነግሬ፣ በነጋታው አጎቴ ዙሁር፣ የቀትሩን ሶላት ሊሰግድ ሲሄድ ሹልክ ብዬ ወጣሁ።

ክፍሉ ጢም ብሎ ነበር። አግዳሚው ላይ ጋርባሳር የተከናነቡ አሮጊቶች፣ ግድግዳው ሥር በርከክ ያሉ ወንዶች፣ አንዱ ጥግ ጀርባውን ሰጥቶ መቁጠሪያ የሚያንከባልል ሰው። ተራዬ ደረሰ።

«ጀማል፣ ትሰማኛለህ? ኦቨር።»

«እሰማለሁ። ማን ልበል? ኦቨር።»

«ማን ልበል ይለኛል እንዴ! ኑሪያ ነኝ! ደህና ነህ? ታመሃል እንዴ? ኦቨር።»

«ኑሪያ! ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ። አባቴ ነው ያስቸገረኝ። ድንኳን ውስጥ ገብተህ በሽታ ልትሸምት ነው ወይ ብሎ በር ላይ ተኝቷል። ትንሽ ይርጋ ብዬ ነው። ኦቨር።»

ትንሽ ይርጋ! ማይኩን በሁለት እጄ ያዝኩት። «ስማኝ ጀማል። የሚረጋ ነገር የለም። እስከዚህ ጁምዓ ካልመጣህ አጎቴ ለሐጂ ኢስማኢል ይሰጠኛል። እኔ ደግሞ ጢሙን ሂና የሚቀባ ሽማግሌ አላገባም፤ ሰውየው ጥርሱ እንኳ የራሱ አይደለም! ፈርተህ ከሆነ ፈራሁ በለኝ፤ እኔ እመጣለሁ። በሽንኩርት መኪና ላይ ተሰቅዬም ቢሆን እመጣለሁ። እወድሃለሁ፣ ገባህ? አንተን ነው የምፈልገው! ኦቨር።»

ስፒከሩ ዝም አለ። ቀና ብዬ ሳይ አሮጊቶቹ ሁሉ አፋቸውን በጋርባሳራቸው ሸፍነው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። አንደኛዋ እንባዋን እየጠረገች፣ ጥርት ባለ አማርኛ፣ «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ ይመጣል። ባይመጣም ሽንኩርቱ ላይ ጨርቅ አንጥፊበት» አለችኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ያ ሁሉ ሕዝብ ጦርነቱን ያሳለፈው ኢትዮጵያ ውስጥ በስደተኛ ካምፕ መሆኑን፣ ገበያ የወጣው፣ ስንዴ የተሰፈረለት፣ ከፖሊስ የተጨቃጨቀው በአማርኛ መሆኑን እንዴት ረሳሁ? ግማሹ ከተማ አማርኛ ያውቃል! ዩሱፍ ራሱን ይዞ ወለሉን ያያል። ጥጉ ላይ ያለው ባለ መቁጠሪያ ቀስ ብሎ ዞረ፤ ጢሙ ቀይ ነው፤ ፈገግ ሲል ወርቁ አበራ። ሐጂ ኢስማኢል ነበር።

ስፒከሩ፣ «ኑሪያ፣ እኔ...» አለና ተንሿሿ። ባትሪው ሞተ። ዩሱፍ ቢነካካው፣ ቢመታው፣ እምቢ አለ። ቆሜ መልሱን መጠበቅ አልቻልኩም፤ ጫማዬን በግራ በቀኝ አቀያይሬ አድርጌ ወጣሁ።

ዋሄን ስደርስ ወሬው ቀድሞኝ ገብቷል። ካሴት ሻጩ እንኳ ሲያየኝ ዘፈኑን ቀነሰው። አጎቴ የስፌት መኪናውን አቁሞ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ይጮህብኛል ብዬ ነበር፤ አልጮኸም፤ ያም ባሰብኝ። «ሐጂው በገዛ ጆሮው ሰማ» አለ። «ከእንግዲህ እሱ አይወስድሽም። ያኛው ደግሞ መልስ አልሰጠም። ነገ እኔ ባልኖር ከማን ጋር ልትቀሪ ነው ኑሪያ?» በእጅጌው ጫፍ ዓይኑን ጠረገ። ያን ጊዜ ነው ቁጣው ሁሉ ፍርሃት መሆኑ የገባኝ። አጠገቡ ቁጭ ብዬ አብሬው አለቀስኩ፤ እጁን ልይዘው ስል ሸሸኝ።

በነጋታው ጠዋት ሐጂ ኢስማኢል በራሱ እግር ሱቃችን ድረስ መጣ። አጎቴ በርጩማ ወልውሎ ከሩቅ ገፋለት። በእኛ በድሬዎች ደንብ አንቱታ የሚባል ነገር የለም፤ ሐርጌሳም የለም፤ ቢሆንም ያን ቀን አጎቴ አንገቱን ደፍቶ፣ «ሐጂ፣ አውፍ በለኝ፤ ልጅ ናት» አለው።

ሐጂው ተቀመጠና ወደ እኔ ዞረ። «የጢሙን ነገር እቀበላለሁ» አለኝ በሐረር አማርኛ። «ጥርሱ ግን የራሴ ነው። ወላሂ፣ ኤደን ድረስ ሄጄ ከፍዬበታለሁ።»

ሳቅና እንባ አንድ ላይ መጣብኝ። እሱ ግን አልጨረሰም።

«እኔ ታር ቤት የሄድኩት ስለ መኪናዬ ልጠይቅ ነው። ዩሱፍ ሌላ ባትሪ አምጥቶ ተራዬ ሲደርስ ድሬዳዋ ያለውን ሹፌሬን ምን ብዬ እንደጠየቅሁት ታውቂያለሽ? ‹ያ ልጅ ምን አለ?› ነው ያልኩት። ክፍሉ ሁሉ ጠይቅ ጠይቅ እያለ ገፋኝ እኮ! ምን ላድርግ?»

«ምን አለ?» አልኩ።

«‹በሽንኩርት መኪና እንዳትሳፈር ንገሯት፣ እኔ እመጣለሁ› ብሎ ታር ቤቱን ለቆ ሮጠ። የአባቱን ምርቃትና መዶሻውን ይዞ ተመለሰና ሹፌሬን ለመነው። አሁን በእኔ መኪና ላይ ነው፤ በእኔው ቆርቆሮ ላይ ተቀምጦ ይመጣል። አየሽ የአላህን ሥራ?» ከዚያ ወደ አጎቴ ዞሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሙሜ፣ እኔ ጥያቄዬን አንስቻለሁ። አንድ ነገር ግን ልንገርህ። እዚህ ከተማ ውስጥ ለእኔ እንደዚያ የሚጮህልኝ ሰው የለም። ለዚህ ልጅ ስጣት።»

አጎቴ በጣቱ ቀን ቆጠረ። ሐሳቡን አውቀዋለሁ። ጀማል ቢመጣም ድንኳን ውስጥ ይቆያል፤ በጁምዓ ሐርጌሳ መግባት አይችልም። ቃሉ ደግሞ ጁምዓ ነው። በመጨረሻ ተነሳና የስፌት መኪናውን በልብሱ ሸፈነ። «ቃሌን አልለውጥም» አለ። «እሱ መምጣት ካልቻለ እኛ እንሄዳለን። ይህቺን ልጅ ከተማው ሁሉ ሰምቷታል፤ ከእንግዲህ ሐርጌሳ የምትገባው ባል ይዛ ነው።» የዓለም ጠንቃቃ፣ ከሱቁ ወደ መስጊድ ከሰው ሸሽቶ በመንገድ ጠርዝ የሚሄደው አጎቴ፣ በሽታው ወዳለበት ድንበር ሊሄድ ተነሳ። ጀሪካን ሙሉ ክሎሪን ይዞ ነው ታዲያ። መንገዱን ሙሉ ጀሪካኑ ጉልበቴ ላይ ነበር፤ ሙሽሪት ሽቶ መቀባት ደንብ ነው፣ እኔ በበረኪና ታጥኜ ሄድኩ።

ቶጎ ውጫሌ ያን ዘመን አሁን እንዳለችው አልነበረችም፤ አቧራ፣ ጥቂት የቆርቆሮ ዳስ፣ ተሰልፈው የቆሙ መኪናዎች። ድንኳኖቹ ከመንገዱ ወጣ ብለው ተተክለዋል፤ ዙሪያቸው ገመድ ተወጥሯል። ገመዱን የምትጠብቅ አንዲት ነርስ ነበረች፤ ቀጭን፣ ድምፀ ብረት፤ ወታደሮቹ ራሳቸው ይፈሯታል። ጀማል ከድንኳን ወጣ። ከስቷል፤ ጢሙ አድጓል፤ የሱሪው ሁለቱም ጉልበት ተቀድዷል። ወደ ገመዱ ሲጠጋ ነርሷ ጣቷን ብቻ ብታነሳ ባለበት ቆመ። የተያየነው በዚያ ርቀት ነው። ያን ሁሉ ቃል በታር የዘራሁ ሴትዮ አንድ ቃል አጣሁ። እሱም «ደህና ነሽ?» ብቻ አለኝ። ደህና ነበርኩ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ደህና ሆኜ አላውቅም።

ጁምዓው ሳያልፍ የሰፈሩ ሼክ ተጠራ። ምስክሮቹ ከገመዱ ወዲህ ሐጂ ኢስማኢል፣ ከገመዱ ወዲያ ከጀማል ጋር ድንኳን የገባው ሹፌሩ ናቸው፤ ሐጂው ሂናውን አድሶ ነው የመጣው። አጎቴ ከገመዱ ወዲህ፣ ጀማል ከገመዱ ወዲያ ቆሙ። ሼኩ የጋብቻውን ምክር፣ ኹጥባውን አድርጎ ጨረሰና እንደ ልማዱ፣ «በሉ፣ የልጅቱ ሰጪ ወሊይና ሙሽራው ተጨባበጡ» አለ። ከዚያ ራሱ ደነገጠ። ሁሉም ነርሷን አየ።

«መንካት የለም» አለች ነርሷ በሶማልኛ። «የነካ እዚያው ይገባል። ከነሱ ጋር ይቆያል።»

ሼኩ ጢሙን ዳሰሰ። «ችግር የለም። መጨባበጡ ልማድ ነው፤ ኒካሑን የሚያስረው ቃል ነው። ሰጠሁ፣ ተቀበልኩ፤ በቃ። በሸሪዓ ሙሉ ነው። ሙሜ፣ ከዚያው ሆነህ ሰጠሁ በል።»

አጎቴ ወደ ገመዱ ተጠጋ። ጀማልን ያየዋል፤ የጀማልን እጅ ያየዋል። ከዚያ የራሱን እጅ ያየዋል። ስንት ወር የሰው ጨርቅ በመቀስ ጫፍ ያነሳ እጅ ነው፤ ሁለት ሰው አጥቦ ከቀበረ ወዲህ ማንንም ያልያዘ እጅ ነው። ልለምነው ፈለግሁ፤ አጎቴ፣ ቃሉ ይበቃል ልለው። አፌን ሳልከፍት እጅጌውን ሰበሰበና ጎንበስ ብሎ በገመዱ ሥር አለፈ። ነርሷ ጮኸች። ሐጂው፣ «ሙሜ፣ ቆይ! ሼኩ ይበቃል ብሏል እኮ!» አለ።

አጎቴ ዞር ሳይል፣ «ልጄን ሰጥቼ እጄን ልነፍግ?» አለና የጀማልን እጅ ጨበጠ።

ጀማል እስከ ዛሬ ድረስ «አጥንቴን ነው የሰበረኝ» ይላል። ሰጠሁ አለ፤ ተቀበልኩ አለ፤ ምስክሮቹ ሰማን አሉ፤ ፋቲሓ ተቀራ። ከመኪና ላይ ሆነው ያዩ የነበሩ ሹፌሮች ጥሩምባቸውን ነፉት። ነርሷ ግን በሠርግ የምትታለል አይደለችም። ወደ ድንኳኑ አመለከተችና፣ «አባባ፣ ግባ» አለችው።

እናም የሠርጌ ሰሞን ባሌና አጎቴ በአንድ ድንኳን፣ በአንድ ምንጣፍ ላይ አደሩ። እኔ ሙሽሪት ከገመዱ ወዲህ ጀሪካኔን ይዤ ቀረሁ፤ የማድረው ውጫሌ ካለችው ከሐጂው እህት ቤት ነው። ልሰናበታቸው ገመዱ ጋ ስቆም አጎቴ ምንጣፉ ላይ ከጀማል ጎን ተደላድሎ ተቀምጧል። የጀማልን እጅ ገና አልለቀቀውም። «ሂጂ አንቺ፣ ሂጂ» አለኝ፣ «ዛሬ ከሙሽራው ጋር የማድረው እኔ ነኝ!» ብሎ ሳቀ። አባቴን ከቀበርን ወዲህ አጎቴ ሲስቅ የሰማሁት ያን ቀን ነው።